የተጻፈ ስም እንዴት ይጠፋል?

ባለፈው ክረምት ሁለት ወር ያህል ከአጎቴ ዘንድ ሞጣ ቆይቼ ነበር። አጎቴ በአንድ መሥሪያ ቤት የኮምፒዩተር ባለሙያ ሲሆን፣ ከሥራው የሚበዛው የሰው አቤቱታ መስማት ነው። «ስሜ ጠፋ»፣ «ማሽኑ አልቀበልም አለ»፣ «ትናንት የጻፍሁት ዛሬ የለም» እያለ ወደ ክፍሉ የሚገባው ሰው ማለቂያ የለውም። ከቢቸና ስነሣ አሳቤ ኮምፒዩተር ለመማር ነበር፤ የተማርሁት ግን ይበልጡን ስለ ፊደላችን፣ ስለ ዘመን አቆጣጠራችንና ስለ ሰው አነጋገር ሆነ። ለመጽሔታችን ጽሑፍ አምጡ በተባልን ጊዜ ይህን ለመጻፍ የመረጥሁትም ነገሩ የደረሰው በእኛው ክፍል ተማሪ ላይ ስለ ሆነ ነው። ስሟን እንዳልገልጽ ስለ ለመነችኝ የአባቷን ስም ብቻ እጠቅሳለሁ፤ እርሱም ኃይለ ሥላሴ ነው። ችግሩም ያለው በዚሁ ስም ላይ ነው።

ይህች ጓደኛችን 9ኛንና 10ኛን ክፍል የተማረችው ሞጣ ነው። ወደ ቢቸና የመጣችው 11ኛን ስትጀምር ነበር። ወደ 12ኛ ክፍል ልትዛወር ስትል የሁለቱ ዓመት ውጤት ማስረጃ ካልተሟላ ለመልቀቂያው ፈተና እንደማትመዘገብ ተነገራት። አባቷም ሁለት ጊዜ ከቢቸና ሞጣ ተመላለሱ። በሁለቱም ጊዜ ጸሐፊዋ ስሙን ጽፋ ማሽኑን ስትጠይቅ የተመለሰው መልስ «የለም» የሚል ሆነ። በሦስተኛው ጊዜ ከጸሐፊዋ ጋር ወደ አጎቴ ክፍል ገቡ።

«ልጄን ሰው ፍቆብኛል» አሉ ገና ሳይቀመጡ። «ሁለት ዓመት ሙሉ የተማረች ልጅ እንዴት የለችም ትባላለች?»

«ኧረ አባቴ፣ የፋቀ የለም» አለች ጸሐፊዋ። «ማሽኑ ነው የተበላሸው። ሰሞኑን እንዲሁ ያደርገዋል።»

አጎቴ ወንበር ሳበና «ይቀመጡ አባቴ» አላቸው። «እስቲ መጀመሪያ ያዩትን ብቻ ይንገሩኝ፤ የጠረጠሩትን ኋላ እንደርስበታለን።» ወደ ጸሐፊዋም ዞሮ «አንቺም መበላሸቱን ተዪውና ምን ብለሽ እንደ ጻፍሽ፣ ማሽኑም ምን ብሎ እንደ መለሰልሽ አሳዪኝ» አላት።

እኔ ይህን ስሰማ ጊዜ ማባከን መስሎኝ ነበር። ሰውየው የመጡት ከሩቅ ነው፤ ቀኑ መሽቷል፤ ለምን ዝም ብሎ አይፈልግላቸውም? ኋላ እንደ ተረዳሁት ግን ከሥራው ሁሉ ዋነኛው ይህ ጥያቄ ኑሯል። ሁለቱም ሰዎች ያዩት ነገር እውነት ነው፤ ስሙ ተጠይቆ አልተገኘም። ሁለቱም የሰጡት ምክንያት ግን ግምት ነው። አንዱ ሌባ፣ አንዷ ብልሽት አሉ። አጎቴ ሌባውን ወይም ብልሽቱን ሊያሳድድ ቢነሣ ኖሮ ያን ሳምንት ሁሉ ሲያሳድድ በከረመ ነበር። ዳኛም ቢሆን ምስክሩን ያየኸውን ተናገር ይለዋል እንጂ ማን ይመስልሃል ብሎ አይጀምርም።

እዚያ መሥሪያ ቤት መዝገቡን የሚይዘው ፖስትግሬስ የሚባል የመረጃ ቋት ነው። የመረጃ ቋት ማለት ብዙ ሠንጠረዦችን የያዘ መዝገብ ሲሆን፣ አንዱ ሠንጠረዥ የተማሪውን ስም፣ ሌላው ውጤቱን፣ ሌላው ክፍሉን ይይዝና በተማሪው ቁጥር አማካይነት እርስ በርሳቸው ይዛመዳሉ። ይህን የሠንጠረዥ ዝምድና በሒሳብ መልክ ያወጣው ኤድጋር ኮድ የተባለ በአይቢኤም ይሠራ የነበረ እንግሊዛዊ ነው፤ ጽሑፉም የታተመው በ1970 እ.ኤ.አ. ነበር። ፖስትግሬስ ደግሞ በ1986 እ.ኤ.አ. በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በበርክሌይ በፕሮፌሰር ማይክል ስቶንብሬከር መሪነት ተጀመረ። ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ፖስትግሬስኪውኤል በሚል ስም በብዙ አገር ሰዎች ትብብር ይሠራል። ምንጩ ክፍት ስለ ሆነ ማንም ሰው ያለ ክፍያ ወስዶ ሊጠቀምበት፣ ውስጡንም ገልጦ ሊያነበው ይችላል። በአገራችንም ጤና ሚኒስቴር የየወሩን የጤና ሪፖርት የሚሰበስብበት፣ በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የተሠራው ዲኤችአይኤስ ሁለት የተባለው ፕሮግራም መረጃውን የሚያስቀምጠው በዚሁ በፖስትግሬስ ነው።

ክፍት በመሆኑም ሠሪዎቹ ከዓለም ዙሪያ አቤቱታ ይቀበላሉ። አቤት ባዩ እንዴት መጻፍ እንዳለበት የሚያስረዳ ምዕራፍ በመመሪያው መጽሐፍ ውስጥ አለ፤ አጎቴ አሳይቶኝ አንብቤዋለሁ። አሳቡ በአጭሩ እንዲህ ነው፤ የሆነውን ሁሉ ጻፍ፣ ይሆናል ብለህ የገመትኸውን ግን ተው። ከመጀመሪያው አንሥቶ ምን እንዳደረግህ በተራ ግለጽ፤ ምን እንዳገኘህና ምን ታገኝ ዘንድ እንደ ጠበቅህ ለየብቻ አስቀምጥ፤ የምትጠቀምበት እትም ስንተኛው እንደ ሆነ ተናገር። ለካስ አጎቴ አዛውንቱን ያነጋገራቸው በዚሁ ሥርዓት ነበር።

ወደ ነገራችን እንመለስ። አጎቴ በመጀመሪያ ያደረገው ጸሐፊዋ የምታውቀውን የሌላ ተማሪ ስም እንድትፈልግ ነው። ወዲያው ተገኘ። እንግዲያስ ማሽኑ አልተበላሸም። ቀጥሎ ጸሐፊዋ ከአባትየው ወረቀት ላይ እያየች የጻፈችውን ስም ፊደል በፊደል ተመለከተ፤ «ኃይለ ሥላሴ» ይላል። አዛውንቱ በወጣትነታቸው ዲማ ጊዮርጊስ ቅኔ የተማሩ ሰው ናቸውና ስማቸውን የሚጽፉት ፊደሉን ሳያስቱ በብዙኃኑ ኀና በንጉሡ ሠ ነው። አጎቴ ይህን ሲያይ ፈገግ አለ።

እኛ ሰዎች ኃይለ ሥላሴንና ሀይለ ስላሴን ስናነብ አንድ ስም ነው። ኮምፒዩተር ግን ድምፅ አይሰማም፤ እያንዳንዱን ፊደል የሚያውቀው በቁጥር ነው። የግእዝ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም ፊደላት መዝገብ 3ኛ እትም ላይ ሲገባ ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱ ቁጥር ተሰጠው። ሀሌታው ሀ 4608፣ ሐመሩ ሐ 4624፣ ብዙኃኑ ኀ 4736 ነው። ንጉሡ ሠ 4640 ሲሆን እሳቱ ሰ 4656 ነው። ስለዚህ ለማሽኑ በሀና በኀ መካከል ያለው ልዩነት በሀና በመ መካከል ካለው አያንስም። ሞክሼ ፊደላት የምንላቸው ለእርሱ ሞክሼ አይደሉም።

እስቲ ጓደኞቼ በወረቀት አስሉት። «ሃ» የሚለውን ድምፅ ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ ብለን በ6 መንገድ ልንጽፈው እንችላለን። «ስ» በ2፣ «ሴ» በ2 መንገድ ይጻፋሉ። እንግዲህ ኃይለ ሥላሴ የሚለው ስም 6 በ2 በ2 ሲባዛ 24 ዓይነት አጻጻፍ አለው። ሁለቱን ቃላት ሰው አንዳንድ ጊዜ አያይዞ፣ አንዳንድ ጊዜ ለያይቶ ስለሚጽፋቸው ደግሞ 48 ይሆናል። ዲማ የምትነሣበትን «ፍቅር እስከ መቃብር»ን የጻፉት የጎጃሙ ደራሲ የሐዲስ ዓለማየሁ ስም ባይለያይ እንኳ በ144 መልክ ሊጻፍ ይችላል። መጽሐፋቸውን በኮምፒዩተር ፈልጎ «የለም» የተባለ አንባቢ ካለ ይህን ይመርምር።

አጎቴ ታዲያ 48ቱን አንድ በአንድ አልሞከረም። ሊለወጥ የማይችለውን ብቻ ያዘ። ከስሙ መካከል «ይለ» የሚሉት ሁለት ፊደላት ሞክሼ የላቸውም፤ ስለዚህ በጓደኛችን የራሷ ስም ላይ የአባት ስሙ ውስጥ «ይለ» ያለበትን ሁሉ አምጣ ብሎ ማሽኑን ጠየቀው። ሰባት ስም መጣ። ከሰባቱ ሁለቱ እርሷ ነበረች።

አዎን፣ ሁለቱ። 9ኛ ክፍል ስትገባ የመዘገባት ሰው «ሀይለስላሴ» ብሎ አያይዞ ጽፏል። በዓመቱ ሌላ ጸሐፊ «ሃይለ ስላሴ» ብላ ፈልጋ ስላጣችው አዲስ ተማሪ መስላት እንደገና መዘገበቻት። አንዲቷ ልጅ በመዝገቡ ውስጥ ሁለት ልጆች ሆና፣ የአንደኛው ዓመት ውጤት ከአንዷ ጋር፣ የሁለተኛው ከሌላዋ ጋር ተቀምጦ ኖረ። አባቷ በትክክለኛው ፊደል ሲመጡ ደግሞ ሁለቱም አልተገኙም። የፋቀ የለም፤ የተበላሸም የለም። እያንዳንዱ ሰው ሥራውን በቅን ልቦና ሠርቶ ነገሩ ግን ተጣመመ።

«እንግዲያው በልደቷ ቀን ለምን አልፈለጋችኋትም?» ብዬ ጠየቅሁ፤ ብልኅ የሆንሁ መስሎኝ ነበር። አጎቴም «ጠይቂያ» አለኝ። ጓደኛችን የተወለደችው ጥቅምት 30 ቀን 1999 ዓ.ም. ነው። በመዝገቡ ግን የሁለቱም ልጆች ልደት ጥቅምት 28 ይላል። ከዚያ ገጹን እያወረድሁ ባይ ጥቅምት 28 ቀን የተወለደ ተማሪ ከሌላው ቀን ሁሉ በዛብኝ። ጥቅምት 30 የተወለደ ግን አንድም የለም!

ይህን ለመረዳት ትንሽ ቆም ማለት ያስፈልጋል። ፖስትግሬስ የሚያውቀው የፈረንጆችን ወር ነው። ጥቅምት 30 ቀን 1999 የሚለው 2ኛ ወር፣ 30ኛ ቀን ተብሎ ሲሰጠው፣ እርሱ የሚረዳው ፌብሩዋሪ 30 ብሎ ነው፤ እንዲህ ያለ ቀን ከቶ ስለሌለ ከወሰን የወጣ ቀን ነው ብሎ ይመልሰዋል። ጥቅምት 29ም በ1999 አያልፍም፤ በ2000 ዓ.ም. ግን ያልፋል፣ ምክንያቱም 2000 በፈረንጆች አቆጣጠር ፌብሩዋሪ 29 የሚሆንበት ዓመት ነው። ጳጉሜንም 13ኛ ወር ስለ ሆነች ጭራሽ አትገባም። ከ13ቱ ወሮቻችን የሚሰናከሉት እነዚህ ሁለቱ ብቻ ናቸው፤ የቀሩት 11ዱ ዝም ብለው ስለሚያልፉ ስሕተቱ ብዙ ዓመት ተሠውሮ ሊኖር ይችላል። ወረፋ የበዛበት ጸሐፊ ደግሞ ማሽኑ እንቢ ሲለው አቤቱታ አይጽፍም፤ እስኪቀበለው ድረስ ቀኑን ይቀንሳል። 30 እንቢ፣ 29 እንቢ፣ 28 እሺ። ጳጉሜን የተወለዱትም እንዲሁ ተገፍተው መስከረም 1 ላይ ተሰብስበዋል።

ከአቤቱታ ሁሉ የሚከፋው ያልተነገረው ነው ብዬ የማስበው ስለዚህ ነው። ፖስትግሬስ እንኳ እንቢ ማለቱ ደግ ነው። ማይኤስኪውኤል የሚባለው ሌላው ክፍት የመረጃ ቋት በ2015 እ.ኤ.አ. ከወጣው 5.7 እትሙ በፊት፣ ጥብቅ እንዲሆን ካልታዘዘ በቀር፣ የሌለ ቀን ሲሰጡት በማስጠንቀቂያ ብቻ አልፎ ዜሮ ዜሮ ብሎ ይመዘግብ ነበር። መፍትሔው የኢትዮጵያን ቀን ተቀብሎ ወደ ፈረንጆቹ መልሶ ማስቀመጥ፣ ሲያሳይም እንደገና ወደ እኛው መመለስ ነው። በዚህ መንገድ የጓደኛችን ልደት ኖቬምበር 9 ቀን 2006 ተብሎ ይቀመጣል፤ እርሷ ግን የምታየው ጥቅምት 30ን ይሆናል። ዲኤችአይኤስ ሁለትም በኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር መሥራት ይችላል።

ስም የሚጠፋበት ሌላም መንገድ አለ፤ ይህኛው ሞጣ የደረሰ ሳይሆን በዓለም ሁሉ ብዙ ሰው ያስጨነቀ ነው። አጎቴ ሲነግረኝ ከሁሉ ይልቅ ያስደነቀኝ እርሱ ነበርና ልጻፈው።

የመረጃ ቋት አንድ ስም ሲጠየቅ መዝገቡን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አያነብም። ስሞች በፊደል ተራ የተሰለፉበት ማውጫ አለው። መሐሉን ይገልጥና የሚፈለገው ከዚህ በፊት ነው ወይስ በኋላ ብሎ ግማሹን ይተዋል፤ ደግሞ የቀረውን ይከፍላል። እንዲህ እያሉ ለሁለት በመክፈል አንድ ሚሊዮን ስም ካለበት መዝገብ አንዱን ለማግኘት 20 ጊዜ መግለጥ ይበቃል። ነገር ግን ይህ የሚሠራው ማውጫውን የደረደረውና የሚፈልገው በአንድ የፊደል ተራ ሲስማሙ ነው። አንድ ሰው ስሞችን በሀለሐመ ተራ ደርድሮ ቢሄድ፣ አበገደ የለመደ ሌላ ሰው ደግሞ መጥቶ አበበን ቢፈልግ፣ ከፊተኛው ገጽ ገልጦ ሀን ሲያገኝ «አበበ የሚባል የለም» ይላል። አበበ ግን እዚያው አለ።

በ2018 እ.ኤ.አ. ክረምት የሆነው ይህ ነው። ፖስትግሬስ የፊደል ተራን ብዙ ጊዜ የሚጠይቀው ሊኑክስ በተባለው ሥርዓት ውስጥ ያለውን ጂሊብሲ የተባለ የጋራ ፕሮግራም ነው። የጂሊብሲ 2.28 እትም ሲወጣ የአደራደሩ ሕግ ተሻሻለ። ለምሳሌ በእንግሊዝኛው አደራደር «1-1» እና «11» ከሚሉት ሁለት ጽሑፎች ቀድሞ «11» ይቀድም ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግን «1-1» ቀዳሚ ሆነ። ሊኑክሳቸውን አድሰው ማውጫቸውን ያላደሱ ሰዎች ታዲያ በአሮጌው ተራ የተደረደረውን ማውጫ በአዲሱ ተራ ይፈልጉበት ጀመር። በዓይን የሚታይ ስም ሲጠየቅ የለም ይባላል፤ ሁለት ጊዜ እንዳይገባ የተከለከለውም ሁለት ጊዜ ይገባል። ሰዎቹ ሁሉ የከሰሱት ፖስትግሬስን ነበር፤ በእርሱ በኩል ግን የተለወጠ ነገር አልነበረም። ይህን ለመለየት ማሽኑን «ማውጫውን ተወውና ገጽ በገጽ ፈልግ» ብሎ ማዘዝ ነው። ያን ጊዜ ከተገኘ ጥፋቱ የማውጫው ነው፤ ማውጫውን እንደ አዲስ ማስደርደር ያድነዋል። የጓደኛችን ስም ግን ገጽ በገጽም ቢፈለግ አይገኝም ነበር፤ ምክንያቱም በዚያ ፊደል የተጻፈ ስም በመዝገቡ ውስጥ የለምና።

ታዲያ ለሞክሼዎቹ ምን ይደረግ? ጸሐፊዋ ወዲያው «ሁሉንም በሀሌታው ሀና በእሳቱ ሰ እንለውጣቸውና እንገላገል» አለች። ቀላል መንገድ ነው፤ እኔም በልቤ ተስማምቼ ነበር። አዛውንቱ ግን ተቆጡ።

«ሠረቀ በንጉሡ ሠ ሲጻፍ ፀሐይ ወጣ ማለት ነው፤ በእሳቱ ሰ ሲጻፍ ሌባ ሆነ ማለት ነው። እናንተ ለማሽናችሁ እንዲመች የኔን ስም ታበላሹታላችሁ?»

ጸሐፊዋ አቀረቀረች። አጎቴ «እውነትዎን ነው አባቴ» ብሎ ሌላ መንገድ ያዘ። ስሙ በባለቤቱ አጻጻፍ ሳይነካ ይቀመጣል። ማውጫው ብቻ ሞክሼዎቹን ወደ አንድ ፊደል መልሶ፣ ባዶውንም ቦታ አውጥቶ ይደረደራል፤ የሚፈለገው ስም ደግሞ በዚያው ሕግ ተመልሶ ይጠየቃል። ጸሐፊ ከ48ቱ በየትኛውም መልክ ብትጽፈው ማሽኑ ያገኘዋል፤ ሲያሳያት ግን አባትየው እንደ ጻፉት «ኃይለ ሥላሴ» ብሎ ነው። ፖስትግሬስ ይህን የሚያደርግ መሣሪያ ከራሱ ጋር አለው፤ ሥራው ግማሽ ቀን አልፈጀም።

በድምፅ የመፈለግ አሳብ ለካስ አሮጌ ነው። ሮበርት ረስል የተባለ አሜሪካዊ ሳውንዴክስ የሚባለውን፣ በአጻጻፍ የሚለያዩ ስሞችን በድምፅ የሚያገናኝ ዘዴ በ1918 እ.ኤ.አ. አስመዝግቧል። ይህ ዘዴ ከፖስትግሬስ ጋር ይመጣል፤ ነገር ግን ለላቲን ፊደል የተሠራ ስለ ሆነ ለእኛ አይረዳም። ለአማርኛ የሚስማማውን ዓይነት ዳንኤል ያዕቆብ የተባሉ የግእዝ ፊደል ባለሙያ በ2004 እ.ኤ.አ. ጽፈውበታል። ይህ ጉዳይ ከእኛ በፊት ታስቦበታል ማለት ነው፤ ወደየመሥሪያ ቤቱ አለመድረሱ ብቻ ያሳዝናል።

የጓደኛችን ሁለት መዝገቦች በማግሥቱ ተዋሐዱ። የሁለቱ ዓመት ውጤት ተጽፎ ታተመ፤ አባቷም ማኅተም አስመትተው ስማቸውን ሁለት ጊዜ ካነበቡ በኋላ ወረቀቱን በፕላስቲክ ጠቅልለው ወደ ቢቸና ተመለሱ። እርሷም በጊዜው ተመዝግባለች፤ ዛሬ ከእኔ ሁለት ወንበር ፊት ትቀመጣለች።

የልደት ቀኑ ነገር ግን እንዲህ በቀላሉ አልተቃናም። ፊደል ቢለዋወጥ ድምፁ ስለሚቀር መመለስ ይቻላል። ጥቅምት 30 ወደ 28 ከተለወጠ በኋላ ግን በእውነት ጥቅምት 28 ከተወለደው ሰው የሚለይበት ምልክት በማሽኑ ውስጥ የለም። ያለው ተማሪዎቹ ሲመዘገቡ በእጅ የተሞላው ቅጽ ላይ ብቻ ነው። ቅጾቹ በአንድ ዕቃ ቤት ውስጥ በካርቶን ተከምረው ነበር። እኔ ወደ ቢቸና በተሳፈርሁበት ጠዋት አጎቴና ጸሐፊዋ የመጀመሪያውን ካርቶን አቧራ አራግፈው፣ ጥቅምት 28 የሚለውን ስም ዝርዝር በጎን አስቀምጠው፣ ቅጹን አንድ በአንድ ሲገልጡ ትቻቸው መጣሁ።